ጠብታው ያሻለው

ያ የአቧራ ወራት ክፉ ነበር። ከማርስ ሰማይ ፀሐይ ጠፋች። ኃይል ደከመ፣ ማሞቂያ ተቀነሰ፤ የሰፈሩ ሰው በአንድ አዳራሽ ተጠጋግቶ ተኛ። የውጭ መውጫ ልብስ ጠጋኙ ይመኑ ዕቃ ቤት ሳለ ጣሪያው ተደረመሰበት። እግሩ ብረት ሥር ገባ። ሸጋ የምትባል ቡችላ በስንጥቁ ሾልካ መጥታ ደረቱ ላይ ተኛች። ሰዎች ደርሰው እስኪያወጡት አልተነሳችም። ብርዱ የአንድ ጆሮዋን ጫፍ ቆረጠው። ይመኑ ያን ውለታ በቃል አንስቶት አያውቅም።

አሁን ሁለቱም አርጅተዋል። ይመኑ ጠዋት ሲነሳ አስቀድሞ የሚያየው የእጁን አንባር ነው። አጋሪ ይሉታል፤ የአንዱን ስሜት ለቅሞ ለሌላው የሚያካፍል መሣሪያ ነው። በሰፈሩ ዕቃ አይጣልምና ከሁለት ማዕድን ቆፋሪዎች አሮጌ ልብስ ፈትቶ፣ አንዱን በሸጋ አንገት፣ አንዱን በራሱ እጅ አሰረው። ሲያማት አንባሩ ይግላል።

ሰሞኑን በጣም ይግል ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ምንትዋብ ዳሌዋ ላይ እጢ አገኘች።

«ማውጣት ይቻላል» አለችው። «ግን ልቧ ደክሟል። ሙሉ ማደንዘዣ ከሰጠኋት ላትነቃ ትችላለች።»

«ካልወጣስ?»

«ያድጋል።»

ጎረቤቱ እትዬ አልጋነሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ሆሚዮፓቲ የሚሉት ሕክምና ነው፤ ማቅጠኛ ማሽን መድኃኒቱ ላይ ውሃ እየጨመረ ይንጠዋል፣ ደግሞ ይጨምራል፣ መድኃኒቱ የት እንደገባ እስኪጠፋ ድረስ።

«ውሃ ልትሰጪኝ ነው?» አለ ይመኑ።

«ውሃስ ቢሆን? በዚህ አገር ከውሃ የሚበልጥ ምን አለ? እኔን ጉልበቴን ያሻለኝ እሱ ነው።»

ይመኑ አሰበ። ቢላዋው ሊገድላት ይችላል። ውሃ አይገድልም። ውሃውን መረጠ።

የመጀመሪያው ጠብታ ምላሷ ላይ እንዳረፈ አንባሩ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲያ በየማታው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። የማርስ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል። አቧራው እንደ ካፊያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እጁ ጀርባዋ ላይ ነው። የማን ትንፋሽ የማን እንደሆነ ይጠፋበታል። አንዳንዴ ከመሬት የተነሱ፣ ክብደት የሌላቸው ይመስለዋል።

አንድ ቀን ሲሠራ መዶሻው አውራ ጣቱን መታው። ክፍሉ ጥግ ተኝታ የነበረችው ሸጋ ጮኸች። የፊት እግሯን አንስታ ትልስ ጀመር።

ይመኑ መዶሻውን አስቀመጠ። አቅፏት ወደ ሐኪሟ ሄደ።

ምንትዋብ አንባሩን ከፈተችው። «ይሄ እኮ የቆፋሪዎች ነው፣ ጋሽ ይመኑ። ወዲህም ወዲያም ይሄዳል።»

«የሷ ብቻ የሚመጣልኝ መስሎኝ።»

«ጠብታውን ሲሰጧት ምን ይሰማዎታል?»

«እፎይታ።»

«እሱ ነው የሚደርሳት። የእርስዎ እፎይታ ሲደርሳት ትረጋለች። መርጋቷ ደግሞ ተመልሶ ወደ እርስዎ ይመጣል።» ዳሌዋን ዳሰሰች። እጢው አድጓል። «ውሃው አልጎዳትም። የጎዳት መቆየቱ ነው።»

ይመኑ ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ አየው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲታከም የነበረው እሱ ነው። ሸጋ ደግሞ ታስታምመው ነበር።

«አሁን ይወጣል?»

«ይወጣል። የልቧ ነገር ግን ያው ነው።»

«ቆፋሪ ሲጎዳ ጓደኛው ህመሙን በአጋሪ ይካፈልለታል። ግማሽ ማደንዘዣ ብትሰጫትስ?»

«የቀረውን ማን ይችለዋል?»

እጁን ዘረጋ።

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«እሷ ያኔ ቡችላ ነበረች።»

ምንትዋብ ሁለተኛ አልጋ ጎትታ ከሸጋ አጠገብ አስጠጋችለት። «እንዳይደነግጡ። ከደነገጡ ትደነግጣለች።»

ቢላዋው ሲገባ ይመኑ በገዛ ዳሌው አወቀው። ከንፈሩን ነከሰ። መስኮቱን አየ። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጡባቸውን ምሽቶች አሰበ፣ የአቧራውን ካፊያ፣ ጀርባዋን። አሰበላትና ላከላት። ትንፋሿ ሳይዛነፍ ቀጠለ።

«ጨርሻለሁ» አለች ምንትዋብ። ላቧን ጠረገች። «በቃ፣ ጋሽ ይመኑ። አንባሩን ይፍቱ። ይነሱ።»

ይመኑ ወደ ሸጋ ተጠጋ። ደረቱን ደረቷ ላይ አሳረፈ። ያቺ የተቆረጠች ጆሮዋ እስክትንቀሳቀስ ድረስ አልተነሳም።