በሽኩር ጢም ላይ የተገኘው ሚጥሚጣ

«ግራዝማች፣ ሽኩር ሞቷል» አለ ወዬሳ።

ግራዝማች ገሠሠ የጫማቸውን ክር እያሰሩ ነበር። እጃቸው ክሩ ላይ ቀረ። «የቱ ሽኩር?»

«ባለ በቅሎው። ትናንት አመሻሽ ላይ እራት በልቶ ሳይነሣ ነው የሞተው። ሚስቱ መርዝ አበላችው እየተባለ ሰፈሩ ታምሷል። እህቱም መርማሪ ሳያየው ሬሳው አይታጠብም ብላ በር ላይ ቆማለች።»

ጊዜው በ1921 ዓ.ም. ግንቦት ነው። አዳማ ያኔ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተበታተነች ትንሽ ከተማ ነበረች። ግራዝማች ገሠሠ የከተማው ሹም የወንጀል ነገር ሲገጥመው የሚልካቸው መርማሪ ናቸው፤ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ብዙ አይተው ጥቂት የሚናገሩ ሰው። ወዬሳ ዘበኛቸውም አስተርጓሚያቸውም ነው።

ሽኩርን ያውቁታል። ከሦስት ቀን በፊት እዚሁ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ነበር። ሰው መሸጥ በአዋጅ ከተከለከለ ዓመታት ቢያልፉም ከአርሲ ልጃገረዶች እየተሰረቁ ወደ ባሕር ጠረፍ እንደሚነዱ፣ ነጂውንም እንደደረሰበት ነገራቸው። ስሙን ቢጠይቁት ግን፣ «ሐሙስ ጠዋት መጥቼ እነግርዎታለሁ። በፊት ሰውየውን ላናግረው። በፈቃዱ ይለቅቃቸው እንደሆነ ዕድል ልስጠው» አለ። ግራዝማች አላስገደዱትም።

ሐሙስ ጠዋት ዛሬ ነበር።

ከሟቹ ቤት ሲደርሱ ግቢው በሰው ተሞልቷል። በቀጥታ አልገቡም። ደጃፉ ላይ፣ ከመግቢያው ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ጎንበስ አሉ። ድንጋዩ ላይ የደረቀ የሳሙና አረፋ አለ፤ ከሥሩ ሁለት ድንቢጦች እግራቸውን ሰቅለው ሞተዋል። አንሥተው በመሐረባቸው ጠቀለሏቸውና ገቡ።

ሽኩር በምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። አርባ ዓመት ያልሞላው ሰፊ ደረት ያለው ሰው ነው። ግራዝማች ፊቱ ላይ የተጣለውን ነጠላ ገልጠው ጣቶቹን፣ ጥርሶቹን፣ በመጨረሻም ጢሙን ዓይናቸውን አስጠግተው አዩ። በጢሙ ጫፍ ላይ በቅቤ የተያዘ ቀይ ዱቄት ነበር። በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ሚጥሚጣ ነው።

«ትናንት እዚህ ማን ማን በላ?» አሉ።

የበሉት አምስት ናቸው፤ ሟቹ፣ ሚስቱ ዘሃራ፣ እህቱ ዙለይካ፣ ጎረቤቲቱ ወይዘሮ አሰለፈች፣ እና ራህመቶ። ራህመቶና ሽኩር ወሎ ውስጥ አንድ መንደር ያደጉ፣ አንድ ላይ ወደዚህ አገር የመጡ፣ በቅሎዎቻቸውን አብረው የሚነዱ ጓደኛሞች ናቸው።

ግራዝማች መጀመሪያ ዘሃራን ወደ ማድ ቤት ይዘዋት ገቡ። ዓይኗ ደርቋል፤ አላለቀሰችም። በማዕዘኑ ከጭቃ የተሠራ ባለ ብረት ክዳን ምድጃ አለ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«ሽኩር ነው። ድሬዳዋ ከፈረንጅ ቤት ወጥ ቤት ሳለሁ በጨው ታሽጎ የሚመጣ ሳልሞን የሚሉት ዓሣ ነበር፤ በምድጃ ማብሰሉን እዚያ ለመድሁ። ያንን ሳወራለት ምድጃ ሠራልኝ። ሳልሞን ባይገኝም ከአዋሽ የሚመጣውን ቆሮሶ ዓሣ እንደዚያው አድርጌ እጋግርለታለሁ።»

«የትናንቱን ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ዓሣውን አጥቤ በሎሚና በጨው አሸሁት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጬ በቅቤ ለወስሁ፤ ቀብቼው ከላይ ሚጥሚጣ ነሰነስሁበት። የሽኩርን ግን ለብቻ በኮባ ቅጠል ጠቀለልሁት። ጨጓራውን ስለሚያመው ሚጥሚጣ ከነካ ሦስት ዓመቱ ነው። ምድጃው ከጋለ አይቆይም፤ እሱ በቅሎዎቹን አስገብቶ እጁን ሲታጠብ ዓሣው ደረሰ።»

«እሱ ከራሱ ጥቅል ሌላ ነገር ቀምሷል?»

«ኧረ ምንም። ለዚህም ነው እኔ ላይ የዞሩት።»

«ከጥቅሉ የተረፈውስ?»

«ድመቷ በላችው። በግርግሩ መሀል ቅጠሉን ጎትታ አጥንቱን ሁሉ ላሰችው።»

ድመቷ ምድጃው ላይ ተኝታ ነበር። ግራዝማች ጆሮዋን ሲነኳት በቁጣ ቀና ብላ አየቻቸውና ተመልሳ ተኛች።

«ደጃፍ ላይ ያለው የሳሙና ውኃስ የማን ነው?»

«የራህመቶ። የመግሪብ ሶላት እንዳያልፈኝ ብሎ ከሁሉም በፊት ተነሣ። አስታጥቤው ውኃውን እዚያው ደፋሁት። ሌላው ሰው ሳይታጠብ ሽኩር ወደቀ።»

«ከታጠበ በኋላ ሰገደ?»

ዘሃራ አሰበች። «አልሰገደም። በሩ አጠገብ ተቀመጠ።»

ዙለይካ ሃያ ዓመቷ ነው። ከወንድሟ ቤት ማዶ ትኖራለች። ገና ሳትጠየቅ ጀመረች። «እሷ ናት። ለብቻው የጠቀለለችለት እሷ ናት። ሁላችን ከአንድ ትሪ በልተን ደኅና ነን።»

«ወንድምሽ ከትሪው ቀምሶ ነበር?»

«በፍጹም። አጠገቡ ነበርሁ።»

ወይዘሮ አሰለፈች ከሸዋ የመጡ ባልቴት ናቸው፤ የጓሮአቸው ሎሚ የሽኩርን አጥር ተሻግሮ ይወርዳል። በአጥሩ ምክንያት ዓመት ሙሉ ሲካሰሱ ኖረዋል።

«በአጥር የተጣላዎትን ሰው ቤት ምን አስገባዎት?» አሏቸው ግራዝማች።

«ራሱ መጥቶ ጠራኝ። ‹እናንተ የኛን ሥጋ አትበሉ፣ እኛም የእናንተን አንበላ፤ ዓሣ ግን ማንም አልባረከውም፤ ኑ አብረን እንብላ፣ ነገሩም ይብቃ› አለኝ። ሎሚውን ይዤ ሄድሁ። በሎሚው መርዘሽው ነው ይሉኝ እንደሆነ፣ እኔም ከዚያው ሎሚ በልቻለሁ።»

«ከጥቅሉ ሌላ ሲበላ አይተውታል?»

«አላየሁም።»

ራህመቶ በመጨረሻ ገባ። ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «ከልጅነቴ የማውቀው ወንድሜ ነው» አለ። «ማንንም ልከስ አልፈልግም። ግን ዓሣውን የጠቀለለችው እሷ ናት፤ የጅብ መርዙም ያለው ከበቅሎ ዕቃው ጋር እዚሁ ቤት ነው። እኔ ከዚህ ሌላ ምን ልበልዎ?»

«መርዝ አንተስ ቤት የለም?»

«አለ። በቅሎ የሚነዳ ሁሉ ጅቡን በምን ያባርራል?»

«እርግጥ ነው። ሽኩር ከትሪው በልቷል?»

«አልነካውም። የሱ ለብቻ ነው።»

ግራዝማች አመሰገኑትና ሬሳው እንዲታጠብ ፈቀዱ። ቀትር ላይ ቃሬዛው ሲወጣ ፊተኛውን ጫፍ የያዘው ራህመቶ ነበር። መንገዱን ሙሉ ለሌላ ሰው አላቀበለም። ግራዝማች ከኋላ ሆነው ጀርባውን እያዩ ሄዱ። ከዚያ በፊት ግን ወዬሳን ወደ ገበያ ልከውት ነበር፤ ዓሣ እንዲገዛ።

ከቀብር መልስ አራቱን ሰዎች እዚያው ቤት ሰበሰቧቸው።

«ዘሃራ፣ የትናንቱን አብስይ። ምንም አትቀይሪ» አሏት። «እናንተም እንደ ትናንቱ ተቀመጡ። ሽኩር በነበረበት እኔ እሆናለሁ።»

ዙለይካ «ይህ ምን የሚሉት ነገር ነው?» አለች፤ ግን ተቀመጠች። ወይዘሮ አሰለፈች ከፊት ለፊት፣ ዙለይካ በግራ፣ ራህመቶ በቀኝ ሆኑ። ቤቱ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። ብዙም ሳይቆይ ትሪው መጣ። ዘሃራ የኮባውን ጥቅል ከግራዝማች ፊት አኖረች።

«ስሙኝ» አሉ ግራዝማች። «ጥቅሉ ተመርዟል ብላችኋል። ትርፉን ድመቷ ልሳዋለች፤ ድመቷም ያቻት፣ ምድጃው ላይ። ስለዚህ ጥቅሉ ንጹሕ ነው። ዘሃራ ባሏን ልትገድል ብትፈልግ መርዙን የምታደርገው እዚያ ነበር፤ ሌላ ማንም ከዚያ አይቀምስምና።»

ዙለይካ ወደ ዘሃራ ዞረች፤ ዘሃራ መሬት መሬት ታያለች።

«ጠዋት ሽኩር ጢም ላይ ሚጥሚጣ አገኘሁ። ሚጥሚጣ ያለው ትሪው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከትሪው በልቷል። እናንተም ከትሪው በልታችሁ አልታመማችሁም። ታዲያ መርዙ ትሪው ላይ አልተበተነም፤ አንዲት ቁራሽ ላይ ብቻ ነበር ማለት ነው። ያቺ ቁራሽ አፉ እንዴት ገባች? ራሱ አንሥቶ እንዳልበላ አራታችሁም ነግራችሁኛል።»

ወደ ዙለይካ ዞሩ። «አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። አሁን እዚያው ነሽ። ሊጨርስ ሲል ምን ሆነ? የሚረባ አይደለም ያልሽውንም ንገሪኝ።»

ዙለይካ በግራዝማች በኩል አሻግራ የራህመቶን እጅ ማየት ጀመረች።

«ራህመቶ አጎረሰው» አለች ቀስ ብላ። «‹ሚጥሚጣ አለበት› አለው። ጋሼ ሽኩር ሳቀና ‹ካንተ እጅ ከሆነ ግድ የለም› አለ።»

«ይህን ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን በላ አሉኝ እንጂ… ጉርሻ ይቆጠራል እንዴ? ወንድሙ አይደለም?»

«አዎ፣ እኔም አይቻለሁ» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች በዝግታ። «ሰሞኑን ተኮራርፈው ነበርና፣ ታርቀዋል ብዬ ደስ አለኝ።»

ራህመቶ «ማጉረስ ወንጀል ሆነ?» አለ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው።

ግራዝማች መሐረባቸውን ፈትተው ሁለቱን ድንቢጦች ትሪው አጠገብ አኖሩ። «ካጎረስኸው በኋላ በዚያ እጅህ አንዲት ቁራሽ አልበላህም፤ መርዙ ጣትህ ላይ ስለነበር መብላት አትችልም ነበር። ለመግሪብ ብለህ ተነሥተህ ታጠብህ፤ ግን አልሰገድህም። ከእራቱ በኋላ ከዚህ ቤት የወጣው የእጅ ውኃ ያንተ ብቻ ነው። ከጣትህ የታጠበውን ፍርፋሪ ደጃፉ ድንጋይ ላይ የለቀሙት እነዚህ ናቸው።»

ራህመቶ ወፎቹን አየ። አንገቱን ሲያቀና ዓይኑ ከዘሃራ ጋር ተጋጠመና ወዲያው ሸሸ።

«ሰኞ ዕለት ሽኩር እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር» አሉ ግራዝማች። «ስምህን አልሰጠኝም። ሰውየውን መጀመሪያ ላናግረው አለኝ።»

«ነገረኝ» አለ ራህመቶ። «ከበቅሎዎቹ ጋር ሳለን ነገረኝ። ልጆቹን ከለቀቅህ ለማንም አልናገርም፣ እራት መጥተህ እንብላና ነገሩን እንርሳው አለ። እሺ አልሁት። እሺታዬን ሲሰማ አቀፈኝ።»

«አመነህ» አለች ዘሃራ። ከጠዋት ጀምሮ ሳትጠየቅ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «አመነህ፤ አንተም ገደልኸው። እሺ። እኔንስ? ስወልድ ደጄ የቆምኸው አንተ ነህ፤ ልጄን የቀበርኸው አንተ ነህ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ቆመህ እሷ ናት ስትል እኔ አንድ ደግ ቃል ትናገርልኛለህ ብዬ ዓይን ዓይንህን አይ ነበር።»

ራህመቶ ከተቀመጠበት ተነሣ። ወዬሳ እጁን ሲያስረው አልታገለም።

«ልጆቹ የት ናቸው?» አሉት ግራዝማች።

«አዳሚ ቱሉ፣ የበቅሎ ማደሪያዬ ውስጥ። ሦስት ናቸው።»

ግራዝማች በዚያው ሰዓት አራት ፈረሰኞች ላኩ። ሰዎቹ ሲበተኑ እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሰኞ ዕለት ሽኩርን ክንዱን ይዘው «ስሙን ሳትነግረኝ አትሄድም» ማለት ይችሉ ነበር። ይህንን ለሹሙ በጻፉት ቃል ላይ አላሰፈሩትም፤ ለዘሃራ ግን ነገሯት። «እሱ እሺ አይልዎትም ነበር» አለቻቸው፤ ከዚያ በላይ አላጽናናቻቸውም።

ዙለይካ ሁለት ቀን ዘሃራ ደጅ ላይ ተቀምጣ ይቅርታ ለመነች። በሦስተኛው ቀን ዘሃራ በሩን ከፈተችላት፤ ነገር ግን ስለዚያ ጠዋት ዳግም አልተነጋገሩም።

ልጃገረዶቹ በስድስተኛው ቀን መጡ። ከመካከላቸው ትልቋ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዘመዶቻቸው እስኪመጡ ዘሃራ ቤት ተቀመጡ። የትንሿ አባት ገርባ የሚባል የአርሲ ገበሬ ነው፤ በእግሩ አራት ቀን ተጉዞ ደረሰ። ልጁን አቀፈ። ከዚያ ለወዬሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀው።

«የሟቹን መቃብር አሳዩኝ ይላል» አለ ወዬሳ።

ዘሃራ ራሷ ወሰደችው። ግራዝማችና ወዬሳ ተከተሏቸው። ገርባ ገና ሣር ያልያዘው አፈር አጠገብ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቶ ጸለየ። ሲጨርስ ወደ ዘሃራ ዞሮ ተናገረ።

ወዬሳ ተረጎመ። «አገሬ ስገባ ልጅህን ማን አዳናት ብለው ይጠይቁኛል፤ ስሙን ንገሪኝ ይላል።»

ዘሃራ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ባሏ ከተቀበረ ማግስት ጀምሮ ሰው ሁሉ «ሟቹ» ሲል እሷም «እሱ» ስትል ነበር የሰነበተችው።

«ሽኩር» አለች፤ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ገርባ ስሙን እንዳይስተው ደጋግሞ በአፉ ሲለማመደው፣ እሷ አፈሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።