ይሻው እስኪጨርስ

ይሻውን ያወቅሁት ከቤሩት ተመልሼ ደብረ ታቦር በከፈትኳት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። እጁ ቆልመም ያለ ነው፣ እግሩ እየተጠላለፈ ይራመዳል፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው በምጥ ነው። ሰው ሁሉ ቸኩሎ ይጨርስለታል። ደግነት መሆኑ ነው አሉ።

እኔ አልቸኮልኩም። ቤሩት አምስት ዓመት የተንከባከብኳት ልጅ እንደ እሱ ነበረች። ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቶ ጡንቻዋ አልታዘዝ አለ እንጂ ልቦናዋ ሙሉ ነበር። ይሻውም ቀልደኛ ነው፤ ይህን የሚያውቁት ግን የሚጠብቁት ብቻ ናቸው። የሚጠብቀው አልነበረም። እኔንም ከዓረብ አገር ያመጣሁትን እንጂ የሆንኩትን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እሱ ጠየቀኝ፤ ወደድኩት።

ይሻው ገሳይ ከተማ ወደሚኖሩት አባቴ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሕመሙ በዘሩ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አጎቱ ካሳሁን፣ ነገሩ ይለዝብ ብለው፣ በጠበል እየዳነ ነው፣ ለፋሲካ እጁ ይዘረጋል አሉ። አባቴ በዚያ ተስማሙ፤ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

ይሻው ይህን ሲሰማ አጎቱን ይዞ ገሳይ መጣ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። በወጉ ሙሽራ በራሱ ጉዳይ አይናገርም፤ ሽማግሌ አለለት።

«አል...» ሲል አጎቱ ቀደሙት። ውለታዎን አልረሳም ሊል ነው አሉ።

«ይጨርስ» አልኩ።

ብዙ ቆየ። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«አልድንም፣ አያ ሙላቴ። አልታመምኩም። የተወለድኩት እንዲህ ነው፣ የምሞተውም እንዲህ ነው። ዘርም አይደለም። ልጅዎን በውሸት አልወስድም።»

አባቴ ቀና ብለው አዩት።

«ስለ እውነትህ እግዜር ይስጥህ። ጥሩወርቅን ግን አልሰጥህም።»

ይሻው ወጣ። ተከተልኩት። እናቴ ከሞተች ቆይቷል፤ የሚያለቅስልኝም የሚመርቀኝም አልነበረም። አባቴ ከመደቡ አልተነሱም። በሩን የዘጋሁት ራሴ ነኝ።

ወደ ደብረ ታቦር በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ አጎቱ ከፊት ተቀምጠው ዘወር ብለውም አላዩንም። ይሻው አጠገቤ አንድ ቃል ጀመረ። ምን ሊል እንደሆነ ከመጀመሪያው ፊደል አውቄዋለሁ። ቢሆንም ጠበቅሁት።

«ተመለሺ» አለ በመጨረሻ። «ሰው አልባ... ትቀሪያለሽ።»

«ጨረስክ?»

ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው የኔን ስማ። አልመለስም።»