የታጠበው ቦቲ

ሬሳው በወይን ማሳው መካከል፣ በሁለት ረድፍ ተክሎች መሃል በደረቱ ተደፍቷል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ቀዩን አፈር አቡክቶታል። መርማሪዋ እግሯን ባነሳች ቁጥር ጭቃው ጫማዋን ሊያስቀርባት ይታገላት ነበር። ከሟቹ ማጅራት በላይ አንድ ከባድ ምት ይታያል። መሣሪያ የለም፤ ዱካም የለም።

«ዝናብ የወንጀለኛ ወዳጅ ነው» አለች በምሬት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሟቹን ቦቲ አሸተተች። አብሯት የነበረው ፖሊስ ፊቱን አዞረ።

በሱሪው እጥፋት ውስጥ ግራጫ አፈር አገኘች። ማሳው ቀይ፣ አፈሩ ግራጫ። በወረቀት ጠቅልላ ያዘችው።

ሟቹ የአፈር ተመራማሪ ነበር፤ ማሳው ደግሞ የእህቱ ባል ንብረት ነው። ሁለቱ በዋዜማው በማሳው በር ላይ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አለቃዋ በስልክ «ምን ትጠብቂያለሽ? አማቹን እሰሪና ጨርሺ!» ሲላት ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አማቹ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አጠገቡ የደረቁ የወይን ችግኞች ተከምረዋል፤ ከእነሱ ቀጥሎ በረኪና የተቀላቀለበት የውኃ ገንዳና ብሩሽ አለ።

«ተጣልታችኋል?»

«አዎ ተጣልተናል! ከችግኝ ጣቢያው ያመጣሁትን ‹ሳልመረምረው አንዲት እግር አታስገባም› ብሎ በር ላይ አደረቀብኝ። ግን መጣላትና መግደል አንድ ነው እንዴ?»

«ይህ ገንዳ የማነው?»

«የእሱ ነዋ። ለሚገባ ለሚወጣው እግር ማጠቢያ ብሎ ነው ያስቀመጠው። እኔማ በገዛ አፈሬ ላይ ምን ብዬ ልታጠብ?»

ሚስቱ ከኋላው መጥታ የመርማሪዋን ክንድ ያዘች። «እትዬ፣ ወንድሜን ቀብሬ ሳልመለስ ባሌን ልትወስጂብኝ ነው? ታዲያ ለእኔ ማን ሊቀርልኝ?»

መርማሪዋ ክንዷን በቀስታ አስለቅቃ መንገዱን ተሻገረች።

ችግኝ ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው። ባለቤቱ ድምፁ ትልቅ፣ ሆዱ ከድምፁ የማያንስ ሰው ነበር።

«ያ ሰውዬ በሄደበት ሁሉ እግሩን ሲያጥብ ነው የሚውለው። ‹ካጠብክ አይቀር ጸሎቱንም ጨምርበት› እለው ነበር» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ሰው መሞቱ ትዝ ብሎት ሳቁን ዋጠው። «የእኔ ግን፣ ችግኝ የምንቆርጥበት የእናት ተክሉ ማሳ ንጹሕ ነው። ተመርምሯል።»

«ማን መረመረልዎ፣ ጋሼ?»

«አብሮት የሚሠራው የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነዋ። ከላይ ከላይ ጫር ጫር አድርጎ አፈር ወሰደ፤ ‹ንጹሕ ነው› አለ። ጨዋ ልጅ ነው።»

ግቢው ከጫፍ ጫፍ ጭቃ ነበር፤ አካፋው፣ ባልዲው፣ የባለቤቱ ጫማ ሳይቀር። የእጅ ጋሪው ጎማ ብቻ አዲስ ይመስላል። ከእናት ተክሎቹ ሥር ደግሞ አንድ ቦታ በቅርቡ ተቆፍሮ ተደፍኗል። መርማሪዋ ጎማውን አሸተተች፤ የተደፈነውንም ቦታ በእግሯ ጫር አድርጋ ግራጫ አፈር አየች።

ቴክኒሻኑ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ትል ከአፈር ለመለየት የተደረደሩት አፈ ሰፊ ማንቆርቆሪያዎች፣ በአፈር የተሞላ ጨርቅ ታቅፈው ውኃ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ።

«ኔማቶድ ማለት ይህ ነው» አለና ማይክሮስኮፑን አስጠጋላት። ክር የመሰለ ትል ይተጣጠፋል። «አፉ ላይ መርፌ አለው። የታመመ ሥር ሲወጋ ወይን የሚያመነምነውን ቫይረስ ይይዛል፤ ጤነኛውን ሲወጋ ያስተላልፋል።»

«ሁሉም አንድ ናቸው?»

«ኧረ የለም። አጫጭሮቹ አሸዋማ መሬት ይወዳሉ። ይህ ረጅሙ ጠለቅ ባለ ሸክላ አፈር ውስጥ፣ ከሥሩ ጋር ነው የሚኖረው። ከላይ የፈለገው አያገኘውም።»

«ከማሳ ማሳስ እንዴት ይሄዳል?»

«አይሄድም፣ እትዬ። ዕድሜውን ሙሉ ቢጓዝ ይህን መንገድ አይሻገርም። የሚያሻግረው ሰው ነው፤ በቦቲው፣ በአካፋው፣ በችግኙ። ሟቹ ጋሼ የትኛው ዓይነት የት እንዳለ ካርታ እየሠራ ነበር። እስካሁን ንጹሕ ሆኖ የተገኘው የአማቹ ማሳ ብቻ ነው።»

ግራጫውን አፈር ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችው። በማግሥቱ «ባዶ ነው፤ ትል የለበትም» አላት።

ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ! አለቃዋ ይደውላል፤ አማቹ ይሳደባል፤ እህትየዋ የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። መርማሪዋ እርሳሷን ሰብራ ወረወረችው። የቀረውን ግማሽ አፈር ወደ ሌላ ከተማ ላቦራቶሪ ላከች፤ መልሱ እንደደረሳት ሁሉንም ወደ ማሳው ጠራቻቸው።

ሬሳው ከነበረበት ቦታ ቆማ በሩን ትመለከት ጀመር። አማቹና ሚስቱ ቀጥ ብለው ገቡ። የችግኝ ጣቢያው ባለቤት ገንዳውን ከነጭቃው ተራምዶ አለፈ። ቴክኒሻኑ መጨረሻ ደረሰ። ቆመ። ብሩሹን አንስቶ የቦቲውን ሶል አንድ በአንድ ፈተገና ገባ።

«ሟቹ እዚህ አልሞተም» አለች። «እስቲ ሁላችሁም ጫማችሁን እዩ። የእሱ ቦቲ ግን እንደ ሳህን ታጥቦ ነበር።»

«ዝናቡ ይሆናላ» አለ ባለቤቱ።

«ዝናብ በረኪና አይሸትም፣ ጋሼ።»

«በሩ ላይ ታጥቦ ገብቶ ቢሆንስ?»

«ታጥቦ እዚህ ድረስ ቢራመድ እንደኛ ጭቃ በያዘው ነበር። በእርስዎ ጋሪ ነው የመጣው፤ ጎማውም በረኪና በረኪና ይላል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ ገዳይ የሬሳ እግር ምን አድርግ ብሎ ያጥባል? አማቹ በገዛ ማሳው አይታጠብም። እርስዎም አሁን ገንዳውን ዘለሉት።» ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «አንተስ፣ ወንድሜ? ለምን ታጠብክ?»

«ትል... እንዳላስገባ» አለ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ያለው ነገር የገባው።

«ባዶ ነው ያልከኝ አፈር በረጅሙ ትል የተሞላ ነበር። ግራጫ ሸክላ ያለው በእናት ተክሉ ማሳ ሥር ነው። አንተ ከላይ ጭረህ ንጹሕ አልክ፤ እሱ ቆፍሮ አገኘው።»

ቴክኒሻኑ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «‹ና እይ› ብሎ ጠራኝ። ከዚያ ማሳ የወጣው ችግኝ የስንቱን ወይን እንደበከለ ነገረኝ። ‹ነገ ለሁሉም እንናገራለን› ሲለኝ ገፋሁት። አፈር የምናወጣበት የመሰርሰሪያው ብረት ላይ በማጅራቱ ወደቀ። ከአማቹ ጋር መጣላቱን አውቅ ነበር...»

«ቦቲውንስ?» አለች እህትየዋ።

«ይህ ማሳ ንጹሕ ነው። እጄ ነው ያጠበው እንጂ እኔ አላሰብኩትም።»

እህትየዋ ወደ እሱ ቀረበች። «ለአፈሩ ያዘንክለትን ያህል ለወንድሜ ምነው ባዘንክለት!»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። የችግኝ ጣቢያው ባለቤት ጭቃ የያዘ ጫማውን እያየ ተከተላቸው። አማቹ በሩ ላይ ከደረቁት ችግኞች ፊት ቆመ፤ አንዱን አንስቶ ሥሩን አገላብጦ አየና መልሶ ጣለው። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ነክቶት የማያውቀውን ብሩሽ አነሳ። ቦቲውን ከተረከዙ ጀምሮ ማጠብ ጀመረ።

መርማሪዋ ከኋላው ቆማ ተራዋን ጠበቀች።