በስንዝር ዝቅ ያለው ወለል

የመጀመሪያው ማዕበል ወለሉን ከሥር ሲጠልዘው፣ ጀልባ ሠሪው ምኑ ጋ እንደመታ ሳያይ አወቀ። የሠራው እሱ ነበራ።

ጀልባዋ መንታ ናት፤ ሁለት ቀጫጭን ተንሳፋፊ ቀፎዎች ጎን ለጎን፣ ከላያቸው አንድ ወለል፣ ከወለሉ በታች ነፋስ የሚሾልክበት ክፍተት። ስትፈጥን ነፋሱ እዚያ ታምቆ ያነሳታል፤ ውሃውን ለኮፍ ለኮፍ እያደረገች ትበራለች። ክፍተቱ ታዲያ ማዕበል ወለሉን እንዳይመታው ከፍ ማለት ነበረበት። ግን አማቱ ረጅም ሴት ናቸው፤ እሱ ወለሉ ላይ በሠራው ክፍል ውስጥ አጎንብሰው ሲቆሙ ማየት ነውር መሰለውና ወለሉን በስንዝር ዝቅ አደረገው። ለማንም አልተናገረም።

አሁን መሪውን የያዙት እኚሁ አማቱ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ባለ አንድ ቀፎ የመንገደኛ ጀልባ ነድተዋል። እሱ በጉልበቶቹ መካከል የበረዶ ሣጥን አቅፏል። ውስጡ ሁለት ከረጢት ደም አለ። ማዶ፣ ደሴቲቱ ላይ ባለው ጤና ጣቢያ፣ ሚስቱ ከወለደች ጀምሮ እየደማች ነው።

ሰማዩ ጠቆረ። ሐይቁ ማበጥ ጀመረ።

«ሸንበቆው ውስጥ እንጠለል ይሆን?» አለ።

አማቱ በአገጫቸው አመለከቱት። ሸንበቆው ዳር ጥቁር ድንጋይ የመሰለው ነገር አፉን ከፈተ። ከኋላው ሌላ አለ።

«ባለቤት አለው» አሉ።

አንዱ ጉማሬ ጠለቀ። ወደነሱ የሚገሰግስ የአረፋ መስመር ብቻ ቀረ። አማቱ መሪውን ጠምዝዘው ወደ ሰፊው ውሃ አመለጡ።

እዚያ ማዕበሉ ቤት ያህላል። አማቱ እንደ ልማዳቸው ፍጥነት ቀነሱ። ጀልባዋ ዘፍ አለች፤ ማዕበሉ ወለሉን ከሥር ነረተው። ከእግሩ ሥር ስንጥቅ ተከፈተና ውሃ ካልሲውን አራሰው።

«እማማ... ትንሽ ብንፈጥን?»

«በዚህ ማዕበል? ልጄን ልታይ ነው የመጣኸው ወይስ ዓሣ ልትጠይቅ?»

ሌላው ማዕበል መታ። ስንጥቁ እስከ ሣጥኑ ደረሰ።

«አይቀንሱ!» ብሎ ጮኸባቸው። ልጃቸውን ካገባ ሰባት ዓመቱ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎባቸው አያውቅም። «ወለሉን ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ለእርስዎ ቁመት ብዬ። ዝግ ካልን ይበታተናል። የሚይዘን ነፋሱ ብቻ ነው፤ ይግፉት።»

«ይሄን ትናንት አትነግረኝም?»

«ፈርቼዎት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ከእርስዎ የባሰ አየሁ።»

አማቱ የፍጥነቱን ማንሻ እስከ ጥግ ገፉት። ጀልባዋ ተነሣች። ከአንዱ ማዕበል ጫፍ ወደ ሌላው ትዘላለች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አልፏል፤ ሣጥኑን ደረቱ ላይ አውጥቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው አሸዋ አየ። ጀልባዋ በፍጥነቷ ዳርቻውን ወጥታ ጋደል አለች።

ነርሷ ሣጥኑን ነጥቃው ሮጠች። ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ውሃ እያንጠባጠቡ ቆሙ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ።

«መድማቱ ቆሟል፤ ነቅታለች» አለች ነርሷ። «እማማ፣ ይግቡ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሩን ይዞ አማቱን ያሳልፍ ነበር። ዛሬ ገፍቷቸው ገባ።

ነርሷ ደነገጠች። አማቱ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ተይው፣ ይቅደም» አሉ። «እኔ ጉልበቴ መንቀጥቀጡን ሲተው እመጣለሁ።»