የመሪጌታ ቀኝ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ ከገነተ ማርያም ወዲህ ባለች አንዲት የላስታ መንደር፣ የወሰን ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ የደወል ድንጋይ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ያለፈው ክረምት ደለል የወይዘሮ አመተ ሥላሴን ማሳ ከነወሰን ድንጋዩ ውጦት ነበርና፣ ወሰኑ ዛሬ ካልተገኘ መሬቱ የወል ግጦሽ እንዲሆን ተወስኗል።

ለወይዘሮዋ የቀራቸው ማስረጃ ሟች ባለቤታቸው መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ የጻፉት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ በላዩም ከደወሉ ድንጋይ ተነሥቶ የተቆጠረ የአራቱ ማዕዘናት ጥንድ ጥንድ ቁጥር ሰፍሯል። አይ መሪጌታ! ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲዘርፉ ኖረው በስተርጅና ሒሳብ የጀመሩ ሰው ነበሩ፤ «መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት» ብላ ያስተማረቻቸውም የመንደሩ መምህርት ሰብሌ ናት።

ሰብሌ ባለካሬ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ሰሜኑን ወደ ላይ አድርጋ፣ አግድሙንና ቋሚውን መስመር አሰመረች፤ የመጀመሪያውን ጥንድ፣ አርባና ሠላሳን፣ በነጥብ አሳረፈች። አርባ እርምጃ ወደ ምሥራቅ፣ ሠላሳ ወደ ሰሜን ተራመዱ። የት ቢያደርሳቸው ጥሩ ነው? ከጎረቤት ገብስ መካከል!

«ይኸ እኮ የአያቴ መሬት ነው!» አሉ የገብሱ ባለቤት አቶ ደሳለ።

«እንግዲያው ወረቀቱ ሐሰት ነው» አሉ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ምሥጋናው፤ «ቃለ ጉባኤው ይጻፍ።»

ሰብሌ ነጥቧን ከመሪጌታ ቁጥር ጋር ዳግመኛ አስተያየች፤ ልክ ነው።

«መሪጌታ ሐሰት አይጽፉም!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ። «እርምጃውን አብሬ የቆጠርኩት እኔ አይደለሁ እንዴ!»

«እትዬ፣ መሪጌታ ሲለኩ ወዴት ዞረው ነበር የቆሙት?» አለች ሰብሌ።

«ወዴት ይዞራሉ? ወደ ምሥራቅ ነዋ! ደወሉ ሥር ቆሞ ፊቱን ወደ ሌላ የሚመልስ ካህን የት አይተሻል፣ አንቺ ልጅ?»

«ወይኔ ጉዴ! የእርሳቸው ቀኝ እኮ ደቡብ ነው!» አንዲት ነጥብ እንኳ ሳትሰርዝ የወረቀቱን አናት ወደ ምሥራቅ መለሰችው። «ነጥቡ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ወረቀቱን የያዝኩበት አቅጣጫ ነው! ኑ፣ ተከተሉኝ!»

አርባ ወደ ደቡብ፣ ሠላሳ ወደ ምሥራቅ፤ እርሷ እየሮጠች፣ ሽማግሌዎቹም ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ከኋላዋ። ዶማውን አቶ ደሳለ ራሳቸው አነሡት፤ ደለሉን እስከ ጉልበት ሲቆፍሩት «ቋ!» አለ፤ መስቀል የተቀረጸበት የወሰን ድንጋይ ነበር። እልልታው መንደሩን አናወጠው! ሁለተኛው ማዕዘን ተገኘ፤ ሦስተኛውም፤ በአራተኛው ላይ አቶ ምሥጋናው እንኳ እንደ ተማሪ ጮኸው ይቆጥሩ ነበር። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ድንጋዩን ታቅፈው አለቀሱ።

በቃለ ጉባኤው የሰፈረው «ወሰኑ በሽማግሌዎች ስምምነት ተለይቷል» የሚል አንድ መስመር ነው፤ መሪጌታም ሆኑ መምህርቷ በስም አልተነሡበትም። ሰብሌም ቅር አልተሰኘችም፤ አንዲትን ሴት ከመሬቷ ሊነቅል ምንም ያልቀረው የራሷ ትምህርት እንደ ነበር ማንም አልጻፈባትምና። እርሷ ግን አልረሳችውም፤ ከዚያ ወዲህ «ወደ ቀኝ» ከማለቷ በፊት ተማሪዎቿን ሁሉ ታስነሣና፣ ፊታቸው ወዴት እንደ ዞረ አንድ በአንድ ትጠይቃቸዋለች።