ባዶው የብልሽት መዝገብ

«ባዶ ነው» አለ ቴክኒሻኑ፣ የሞተር መቆጣጠሪያውን ትንሽ ስክሪን እያየ። «አንድም ብልሽት አልተመዘገበም።»

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወደ ልጅቷ አባት፣ ወደ ወፍጮው ሠራተኛ ዞሩ። የተቃጠለው ሞተር ሽታ ገና ከክፍሉ አልወጣም። «የመብራት መስመሩ ደህና ከነበረማ፣ ከአቅሙ በላይ ጭነህበታል ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ አስራ አንድ ዓመት እንደ ልጄ ነው የያዝኩት!»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። ቶሎ ስለምትግል አባቷ «ፊውዝ» ይላታል። አሁን ግን እጆቿ በረዶ ሆነዋል።

ባለፈው ሳምንት ምሳውን ልታደርስለት ስትመጣ ማሽኑ ቆሞ፣ ቀይ መብራት በርቶ ነበር። አባቷ ውጭ ደንበኞችን ያረጋጋል። የብልሽት መዝገብ አከፋፈት በቴክኒክ ትምህርት ቤት ገና መማሯ ነበርና እጇን በላት። ከፈተችው። ሰባት ጊዜ ያው አንድ ብልሽት፦ ሦስተኛው የመብራት መስመር ተቋርጧል። የሆነ ቦታ ሽቦ ላልቷል ማለት ነው፤ ካልጠበቀ ሞተሩን ያቃጥላል።

«መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ አጥፉ» ይላሉ መምህሯ ሁልጊዜ። ደብተሯ በጀርባዋ ባዘለችው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ግን አባቷ ሳይመለስ ማሽኑን አስነስታ ጉድ ልታሰኘው ቸኮለች። ሁሉንም አጠፋች፤ በችኮላዋ መመዝገቢያውንም አብራ ዘጋችው። ቀዩ መብራት ጠፋ፣ ወፍጮው ተነሳ።

«አያችሁልኝ የኔን ኢንጂነር!» ብሎ አባቷ ለደንበኞቹ ሁሉ አወራላት። ስለ ሽቦው ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሙገሳው ጣማትና ለነገ አለችው። ነገም ለነገ አለችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑን ሌላ ሰው ይይዘዋል» አሉ ባለቤቱ።

አባቷ ዱቄት የለበሰ ሽርጡን ፈታ። ቢቆጣ፣ ቢጮህ በተሻላት።

«እንጃ» አለ ቀስ ብሎ። «ምናልባት ሳላስተውል አብዝቼ ጭኜ ይሆናል።»

ይሄ አንጀቷን በላው። አባቷ ያላጠፋውን ጥፋት እያመነ ነው፣ ያውም በእሷ ምክንያት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ «የኔ ኢንጂነር» እንደተባለች ትቀራለች።

ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ ደብተሯን አወጣች።

«አንቺ ደግሞ አሁን ነው የቤት ሥራ?» አለ ቴክኒሻኑ።

ባዶ ገጽ ገለጠች። ሦስተኛው መስመር፣ ሰባት ጊዜ፣ ብላ ጻፈች። ከሥሩም፦ መዝገቡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ገጹን ቀደደችና ቴክኒሻኑን አልፋ፣ ባለቤቱንም አልፋ፣ መጀመሪያ ለአባቷ ሰጠችው።