ተደራራቢ አልጋ

የረድኢት እናት የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ነቀነቀችው። አልጋው ሲጥ እንኳ አላለም። መሰላሉን ረገጠችው፤ እሱም ጸና።

«ጠንካራ ነው» አለች በሹክሹክታ። ፊቷ ላይ ግን ምንም አላሳየችም። ዕቃ ስትገዛ ደስ ያላት ከመሰለች ዋጋ የሚጨምሩባት ስለሚመስላት፣ የወደደችውን ነገር ሁሉ ልክ እንደታመመ ሰው አዝና ነው የምታየው።

ረድኢት በሩ አጠገብ ቆማ በልቧ «ተሰበር፣ ተሰበር» ትላለች። አልጋው አልሰማትም።

ሀርጌሳ ውስጥ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ያለው ይህ ቤት ባዶ እየሆነ ነበር። የቤቱ ባለቤት ኢስታሂል ነገ ጠዋት ከነቤተሰቧ ወደ በርበራ ትዛወራለች። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሳህኑ በካርቶን ታስሯል። ሳይሸጡ የቀሩት ይህ ተደራራቢ አልጋና አንድ ቁም ሳጥን ብቻ ናቸው። ግቢው ውስጥ ናጂብ የሚባል፣ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች ነጋዴ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ፒክአፑን በር ላይ አቁሟል። አልጋውን እንደሚፈልገው ዓይኑ ይናገራል፤ አፉ ግን ዝም ብሏል። እዚህ አገር አንድ ሰው ዋጋ እየተነጋገረ ሳለ ሌላው ጣልቃ አይገባም። በሃይማኖታቸውም ክልክል ነው፣ በሰውም ዘንድ ነውር ነው። እነረድኢት «ተውነው» እስኪሉ ድረስ ናጂብ ሻዩን ከመጠጣት ሌላ ሥራ የለውም።

«ሁለት ሴት ልጆቼ ሰባት ዓመት ተኝተውበታል» አለች ኢስታሂል በሶማሊኛ፣ የአልጋውን እግር መታ መታ እያደረገች። «አንዷ አግብታ ቡራኦ ናት፣ አንዷ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሰባ ዶላር ነው። ፍራሾቹን መርቄላችኋለሁ።»

«ምን አለች?» አለች እናቷ።

እናቷ ሀርጌሳ ስትኖር ስምንት ዓመቷ ነው። የምትሠራው ግን ዓኒሳ የምትባል ሴት ቤት ነው፤ ዓኒሳ ደግሞ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ስለሆነች ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወሩት በአማርኛ ነው። የእናቷ ሶማሊኛ ሽንኩርት ለመግዛትና ሰላም ለማለት ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ረድኢት ግን የምትማረው እዚሁ ስለሆነ ሶማሊኛን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። ክሊኒክ ሲሄዱ፣ አከራያቸው ሲመጣ፣ ገበያ ሲወጡ ተናጋሪዋ እሷ ናት። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ቢሆንም ትልልቅ ሰዎች የእሷን አፍ ሲጠብቁ ደስ ይላታል።

ዛሬ ግን ምንም ደስ አላላትም። ይህ ሁሉ ሩጫ ለበፀሎት ነው።

በፀሎት ዓርብ ትመጣለች። እህቷ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጣታለች። እናቷ ወደ ሀርጌሳ ስትመጣ አገር ቤት አክስታቸው ዘንድ ትታት ነበር። አሁን ፍሬሰንበት የሚባል የአገራቸው ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከድንበሩ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ ይዟት ይመጣል። ረድኢት ስለ እህቷ የምታስታውሰው አንድ ቢጫ ቀሚስና አንድ ኩርፊያ ብቻ ነው።

እናቷ ሁልጊዜ እሑድ ስልክ ትደውላለች። በፀሎት ስታነሳ «የኔ ማር፣ የኔ እናት፣ በላሽ ወይ?» ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ ወደ ረድኢት ዞራ «ሳህኑን አጥበሻል?» ትላለች። አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ድምፅ ከየት ያመጣል? ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጫማ ገዛች፤ ቆንጆ ነጭ ጫማ። «ነይ እስቲ፣ ልለካብሽ፣ እግራችሁ አንድ ሳይሆን አይቀርም» አለቻት። ረድኢት ለካች፤ ልክክ አለላት። ከዚያ ጫማው ተመልሶ ካርቶኑ ውስጥ ገባ፣ ካርቶኑም ሻንጣ ላይ ተቀመጠ። በማግሥቱ ቀሚስ፣ በሦስተኛው ቀን ሹራብ። ረድኢት ቆማ መለኪያ ሆነች። በራሱ እግር የሌላ ሰው ጫማ የተለካበት ሰው ካለ የሚሰማውን ያውቀዋል።

ከሁሉም የባሰው የመኝታው ነገር ነው። ጋአን ሊባህ ሰፈር በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው፤ ረድኢት ከልጅነቷ ጀምሮ የእናቷን ጀርባ ተደግፋ ነው የምትተኛው። አሁን ግን «እሷ ታች፣ አንቺ ላይ ትሆናላችሁ» ተባለ። «እኔ እንደበፊቱ ካንቺ ጋር ብሆንስ?» ብትል «አንቺ እኮ አሁን ትልቅ ልጅ ነሽ» አለቻት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ትልቅ ልጅ ተደረገች።

«ረድኢት! ምን አለች?»

«ሰባ ዶላር ነው፣ ከነፍራሹ። ግን...»

«ግን ምን?»

«ትኋን ነበረው ትላለች።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። እናቷ እጇን ከብረቱ ላይ እንደተቃጠለ ሰው አነሳች። ቀጥላ የስልኳን መብራት አብርታ፣ ከጸጉሯ ላይ ፒን ነቅላ፣ የአልጋውን መጋጠሚያ ሁሉ መጎርጎር ጀመረች። ፍራሹን ገለበጠች፤ ስፌቱን በጥፍሯ ፈተሸች። ኢስታሂል ግራ ገብቷት ታያታለች።

«ምንም የለውም እኮ!» አለች እናቷ።

«መድኃኒት ረጭተንበታል አለች» አለች ረድኢት። የመጀመሪያው ውሸት ሳይደርቅ ሁለተኛው ተከተለ።

እናቷ ቀና አለች። ወደ ኢስታሂል ዞራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከምታውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱን «ማሀድሰኒድ» አለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ከዚያ በአማርኛ «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ሌላዋ ብትሆን ደብቃ ትሸጥልን ነበር» አለች። ኢስታሂል ለምን እንደተመሰገነች ባታውቅም ፈገግ ብላ ጎንበስ አለች። ረድኢት ወለሉን አየች።

አሁን «በይ እንሂድ» ትላለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን ፍራሹን ወደ ቦታው መለሰችው።

«እንገዛዋለን።»

«እንዴ! ከነትኋኑ?»

«ትኋን በፈላ ውኃና በፀሐይ ይለቃል። ልጄን መሬት ላይ አላስተኛም።»

ልጄን። ረድኢት ቃሉን በልቧ ደገመችው።

«ግን ስለ ትኋኑ ትቀንስልን። ሃምሳ በያት» አለች እናቷ።

ይህን ረድኢት አላሰበችበትም ነበር። አንዲት ሴት በገዛ ቤቷ ቆማ፣ ገዢ ነጋዴ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ እየሰማ፣ አልጋሽ ትኋን አለበት ልትባል ነው። ናጂብ ይህን ከሰማ ቁም ሳጥኑንም አይነካው። ኢስታሂል ደግሞ ምን ልትል እንደምትችል እግዜር ይወቅ።

«በያት እንጂ!»

«ኤዶ» አለች ረድኢት፤ እዚህ አገር ትልቅ ሴት አክስቴ ተብላ ነው የምትጠራው። «እናቴ... ትንሽ ላስብበት ትላለች።»

ኢስታሂል መልስ ሳትሰጥ ከሰፈሩ መስጊድ የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ተሰማ። ናጂብ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። «ሰግጄ እመለሳለሁ። ከተዋችሁት እኔ እወስደዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ወጣ። ኢስታሂልም ከታሰረው ዕቃ መሀል መስገጃዋን መዛ አወጣች። «እስክመለስ ወስኑ፣ ልጄ» ብላ ወደ ሌላው ክፍል ገባች።

ባዶ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። እናቷ ደክሟት ነበር፤ ቢሆንም ትኋኑን ፈርታ አልጋው ላይ አልተቀመጠችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ዛሬ ውኃ አፈላለሁ፣ ነገ ፀሐይ ላይ እናወጣዋለን፣ ዓርብ ይደርሳል» አለች። ቀጥላም እንዲህ አለች። «ያኔ ሁለታችሁንም ማምጣት አልቻልኩም። አንዳችሁን ብቻ ነበር። አንቺን ይዤ መጣሁ። በቀደም በስልክ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እሷን ነው የመረጥሽው› አለችኝ። እኔ ምን እመልስላታለሁ?»

ረድኢት መጀመሪያ ደስ አላት። እኔን መረጠች! ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አንዲት ልጅ አክስቷ ቤት ተኝታ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በእሷ ስትቀና ታየቻት። በእሷ፣ በረድኢት! ሰው በእኔ ይቀናል ብላ አስባ አታውቅም። አፈረች። አፍራም ቢሆን ነጩ ጫማ ትዝ ሲላት እንደገና ቀናች። ቅናት ሲነግሩት የሚሰማ ነገር አይደለም።

«እማ።»

«እ?»

«ትኋን የለውም።»

«አየሁ እኮ፣ መድኃኒቱ...»

«መድኃኒትም የለም። ኢስታሂል ስለ ትኋን ምንም አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። የነቀለችውን ፒን ጸጉሯ ላይ መልሳ ሰካችና ስልኳን አወጣች። ረድኢት ስሙን አየችው፦ ዓኒሳ። ዓኒሳ ከሴትዮዋ ጋር በስልክ እንድታወራላት ነው። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። አልተነሳም።

«እየሰገደች ይሆናል» አለች እናቷ። ስልኩን ዘጋችው።

«እማዬ፣ ይቅርታ።»

«ሐኪሙ ያለውን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። አከራዩ ያለውን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። እዚህ አገር ካንቺ ሌላ አፍ የለኝም እኮ፣ ረድኢት። ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግሽኝ?»

«ዛሬ ብቻ! እውነቴን ነው! ዛሬ ብቻ ነው!»

«ለምን?»

«ሁሉ ነገር ለእሷ ነው። ጫማው፣ ቀሚሱ። እኔ ላይ እየተለካ ለእሷ። አሁን ደግሞ አጠገብሽ መተኛቴ ሊቀር ነው። ቀናሁ፣ በቃ! ቀናሁባት።» እንባዋ መጣ፤ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

እናቷ አላቀፈቻትም፤ አልተቆጣቻትምም። አልጋው ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ አሁን የምትፈራው ትኋን የለም። 

ኢስታሂል ለሶላት የታጠበችው ፊቷ ገና እንደራሰ ተመለሰች። ናጂብም ደረሰ፤ ገደቡን ጠብቆ በሩ ላይ ቆመ።

«እህ፣ ልጄ? ወሰናችሁ?» አለች ኢስታሂል።

«የጠየቀችውን ሰባ እንከፍላለን በያት» አለች እናቷ፣ ረድኢትን ሳታያት።

ሦስቱም የረድኢትን አፍ ጠበቁ። አንዲት ቃል ብቻ ትበቃለች። «ተውነው» ብትል ናጂብ አልጋውን ጭኖ ይሄዳል፤ እናቷም ሴትዮዋ ሐሳቧን የቀየረች ይመስላታል። ረድኢት ይህን አሰበችው። ለረጅም ጊዜ አይደለም፤ ግን አሰበችው።

«እንወስደዋለን፣ ኤዶ። ሰባ እንከፍላለን። ዓርብ እህቴ ትመጣለች።»

ናጂብ «አላህ ይባርክላችሁ» ብሎ ወደ ቁም ሳጥኑ ዞረ። እናቷ ገንዘቡን በስልክ ልትልክ የኢስታሂልን ቁጥር ትነካካ ጀመር። ኢስታሂል ግን ነገሩን ወደደችው።

«እህትሽ? ከሩቅ ነው የምትመጣው? እንግዲያውስ ስሚኝ» አለች ቀረብ ብላ። «አልጋውን ከእናትሽ አልጋ ጎን አስጠግታችሁ አኑሩት። መጪዋ ታች ትተኛ። ሰው በማያውቀው ቤት ሌሊት ይነቃል። ስትነቃ እጇን ብትዘረጋ እናቷን ታግኝ።»

ረድኢት ክፍላቸውን አሰበች። ትንሽ ናት። አልጋው እናቷ አልጋ አጠገብም ሊቆም ይችላል፣ መስኮቱ ሥርም ሊቆም ይችላል። እናቷ በዚህ ጊዜ «ምን አለች?» ብላ አልጠየቀችም። ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። የሴትዮዋን ወሬ እንደ ተራ ስንብት ቆጥራዋለች፤ ዝም ቢባል ማንም አያውቅም።

«እማ» አለች ረድኢት።

እናቷ ቀና አለች።

«አልጋውን ካንቺ አልጋ ጎን አስጠግታችሁ አኑሩት ትላለች። እሷ ታች ትተኛ። ሌሊት ከነቃች፣ እጇን ስትዘረጋ እንድታገኝሽ።»

እናቷ አንዴ ረድኢትን፣ አንዴ ኢስታሂልን አየች። «ያለችው ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

እናቷ ስልኩን ዘረጋችላት። «እንግዲያው የጻፍኩትን ቁጥር አንቺ አንብቢልኝ፤ እንዳልሳሳት» አለች፣ አልጋው ላይም ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።